ቁልፉን የሰጠው እጅ

ውድ ባለቤቴ ከድር፣

አላህ ቀብርህን ሰፊና ብርሃን ያድርግልህ። ከተለየኸን አንድ ክረምት አልፎ ሁለተኛው ገብቷል። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ እስክሪብቶ አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። የምልህ ጠፍቶኝ አልነበረም። የምነግርህ ነገር መጨረሻው ስላልታወቀ ነበር። አሁን ታውቋል። ሌላ ሰው ቢያነበውም አልከፋም፤ በተለይ ልጅና መኪና ያለው ሰው።

መጀመሪያ ስለ ልጆቹ መስማት እንደምትፈልግ አውቃለሁ። ያሲን የፊት ጥርሶቹ ወልቀው አዲሶቹ በቅለዋል፤ ትልልቅ ናቸው፣ ያንተን ነው የሚመስሉት። ታክሲ ውስጥ ስንሆን በየሱቁ በር ላይ የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ተሳፋሪው ይስቃል። ሂክማ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነች። ቁመቷ እኔን አልፎኛል። ከትምህርት ስትመለስ እህል ቤቱ ውስጥ ሚዛኑ ጋ ትቆማለች። አንድ ቀን አንድ የዓለም ገና ደንበኛህ መጥቶ፣ “ስትመዝኚ ቁርጥ አባትሽን!” አላት። ፈገግ ብላ ሸኘችውና ከጆንያዎቹ ጀርባ ሄዳ አለቀሰች። አልተከተልኳትም። አንዳንድ ለቅሶ ብቻውን መለቀስ አለበት።

ወንድሜ ሙስጠፋ እህል ቤቱን እናከራየው ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ፒክአፕዋን ግን ሸጥናት። የጫንጮ ሰው ነው የገዛን፤ ወተት ያመላልስባታል። የወሰዳት ቀን ያሲን ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም።

ስንት ጊዜ ስቄብሃለሁ በዚያች መኪና! ለኢድ ሱሉልታ እናቴ ጋ ስንሄድ ሚኒባሱም ጭነቱም ሁሉም እያለፈን፣ “በእግሬ ብሄድ እቀድምሃለሁ” እልህ ነበር። አንዴ ድርቆሽ የተጫኑ አህዮቿን የምታሻግር ሴት መንገድ ላይ ስናገኝ ጭራሽ ሞተሩን አጠፋኸው። አንዷ አህያ አስፋልቱ መሃል ቆማ አልንቀሳቀስም አለች። አንተ በመስኮት ብቅ ብለህ “አካም ጅርቱ!” ብለህ ሴትዮዋን ሰላም አልካት፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መኸሩ ታወራላችሁ። ከኋላችን ጥሩምባው ይጮሃል። እኔ በንዴት ልፈነዳ ደርሻለሁ። “ምን አስቸኮለሽ ዘይነብ? እናትሽ የትም አይሄዱ” አልከኝ። ምነው ያኔ አርፌ አጠገብህ ተቀምጬ በነበር።

የተለየኸን ቀን ተፍኪ የሄድከው ኦቦ ቶሎሳ ጋ ሽንብራ ልትጭን ነበር። እሳቸው ሳንጋባ ጀምሮ ደንበኛህ፣ በኋላም እንደ አባታችን የሆኑ ሰው ናቸው። የሆነውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የተከራየኸው የጭነት አይሱዙ ከአስፋልቱ ወጥቶ ሣሩ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ሻይ ልጠጣ ብሎ ሄዷል። ሁለታችሁ ሸራውን ትጠፍራላችሁ። መንገዱ እዚያ ጋ ሜዳ ነው፤ ቀጥ ያለ። መኪናው ከመታየቱ በፊት ድምፁ ተሰማ አሉኝ። ነጭ፣ ዝቅ ያለ፣ አዲስ መኪና ነበር። መኪናው አንድ ባጃጅ ልቅደም ብሎ ወጣ፣ ሲመለስ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። ኦቦ ቶሎሳ በአይሱዙው ወዲያኛው ጎን ነበሩ። አንተ በመንገዱ በኩል ነበርክ።

መኪናው ማሳው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከመሪው ጀርባ የወጣው፣ ኦቦ ቶሎሳ በዓይናቸው እንዳዩት፣ ጢም እንኳን ያላበቀለ ልጅ ነው። እሳቸው መኪና ለማስቆም ወደ አስፋልቱ ሮጡ። አስቁመው ሲመለሱ ጊዜው አልፎ ነበር። ያም ሆኖ ሰበታ ሆስፒታል ድረስ አቅፈውህ መጡ። ልብሳቸው ላይ የነበረውን ደም አይቼ ነው ማንም ሳይነግረኝ ያወቅሁት።

እሳቸው ከአንተ ጋር ወደ ሰበታ ሲመጡ፣ እዚያ የሆነውን ማናችንም አላየንም። ፖሊስ ሲደርስ መኪናው አጠገብ ያገኘው ልጁን አልነበረም። ሽመልስ የሚባል ጎልማሳ ሾፌር “እኔ ነኝ የነዳሁት” ብሎ እጁን ሰጠ። ያመነ ሰው ከተገኘ ማን ሌላ ይፈልጋል? እኛም አንተን መቅበር ነበረብን። በዋስ መውጣቱን የሰማሁት ከሳምንታት በኋላ ነው።

ገና ኢዳ ላይ ሳለሁ፣ ከቤት የማልወጣበት የሐዘን ጊዜዬ ሳያልቅ፣ ሽማግሌዎች መጡ። መኪናው የአቶ ጀማል ነው፤ ቡራዩ ሲሚንቶና ብረት የሚሸጠው፣ በስም የምታውቀው። ወንዶቹ ሳሎን ተቀመጡ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። ሙስጠፋና ኦቦ ቶሎሳ በእኛ በኩል ተቀምጠዋል። አንድ ሸህ ዱዓ አደረጉ፣ ስለ ቀደር፣ አላህ ስለጻፈው ዕጣ፣ ተናገሩ። ቀጥሎ ጀማል፣ “ሾፌሬ ነው፣ ተሳስቷል፤ እግራችሁ ሥር ወድቋል” አለ። በሩ ተከፈተና ሽመልስ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ፤ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ።

 ከዚያ የኦቦ ቶሎሳን ድምፅ ሰማሁ።

“ኩን ሚቲ!” አሉ። “ይሄ አይደለም! ቀና በል እስቲ አንተ ሰው። ይሄ አይደለም የነዳው። እኔ ያየሁት ልጅ ነው፤ አሥራ ስድስትም አይሞላው!”

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። በኢዳዬ ወንዶች መሃል መውጣቴን አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እግሬ ራሱ ነው የወሰደኝ። ሽመልስ ቀና አላለም።  ድንጋዩን በሁለት እጄ አንስቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሲነሳ ፊቱ በእንባ ርሷል። “እህቴ፣ ልጆች አሉኝ” አለ፣ ሌላ አልጨመረም። ተስፋ የሰጡት ነገር እንዳለ ገባኝ። እሱን መቆጣት አልቻልኩም።

ጀማል መሬት መሬት ያያል።

“ልጅህ ነው?” አልኩት።

ወደ ሸሁ ዞረ።

“ቁልፉን ሰርቆህ ነው ወይስ ሰጥተኸው?”

ከሽማግሌዎቹ አንዱ “ሴትዮ፣ ተረጋጊ፤ የአላህ ፍርድ ነው” አሉኝ። እኔም፣ “አባባ፣ የአላህን ፍርድ ተቀብያለሁ። የምጠይቀው የሰውን ነው። ቁልፍ የሚሰጠው ሰው ነው” አልኳቸው። ከድርዬ፣ ድምፄ እንደዚያ የሚወጣ አይመስለኝም ነበር። አንተ ብትኖር “ቀስ በይ ዘይነብ” ትለኝ ነበር፤ ስላልነበርክ ቀስ አላልኩም። “እውነቱ ፖሊስ ጣቢያ ሳይነገር እርቅ የለም” ብዬ ተመልሼ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከቀብርህም ይከብድ ነበር። አንተን የቀበርን ቀን ሁሉም ከእኔ ጋር ነበር። አሁን ግን ዘመዱም ጎረቤቱም እየመጣ ጀማል የሚሰጠውን ካሳ ተቀብዬ ልጆቼን እንዳሳድግ ይመክረኛል። ሙስጠፋ ሳይቀር፣ “የሞተው አይመለስ፣ የዚያ ልጅ ሕይወት ለምን ይበላሻል?” አለኝ። የሙስጠፋን ፉአድ ታስታውሰዋለህ፣ ከሂክማ ያንሳል። አባቱ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን ሰጥቶት ገበያ ድረስ ይነዳ ነበር። “የፉአድስ? የአንተ ልጅ ሰው ቢገድል ማንን ነው የምታንበረክከው?” አልኩት። ወንድሜ ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ። ብዙ ቀን አልመጣም። ከጊዜ በኋላ ሚስቱ እንደነገረችኝ፣ ያን ዕለት ቤት ገብቶ ሳይናገር ሳይጋገር ቁልፉን ከልጁ ተቀብሏል። ፉአድ አኩርፏል አለችኝ። ያኩርፍ። ያኮረፈ ልጅ ቤት ውስጥ ነው ያለው።

ኦቦ ቶሎሳ ሰበታ ድረስ መጥተው ለመርማሪው ያዩትን ተናገሩ። ጀማል ግን እንደካደ ነው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ተሳስተዋል ይላል። ሽመልስም ቃሉን አልቀየረም። በመሃል ሰው “ቶሎሳ ለከድር ቤት አዳልቶ ነው” ማለት ጀመረ። እኝያን ሰው እንዲህ ሲሏቸው መስማት አመመኝ።

ኢዳዬን በጨረስኩ ሰሞን አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጀማል ነው፤ ሽማግሌም ድንጋይም አልያዘም። ሚስቱና አንድ ቀጭን ልጅ ከኋላው ቆመዋል። ግቡ ብል አልተቀመጠም፤ እዚያው በሩ ሥር ቆሞ ተናገረ።

“ትናንት ፖሊስ ጣቢያ ሄደን እውነቱን ተናግረናል” አለ። “ልጄ ነው ያስገደደኝ። ‘ሽመልስ ከታሰረ እኔ እጄን እሰጣለሁ’ ብሎ ምግብ ተወ።” ዞር ብሎ ልጁን አየ። “በፈተና አንደኛ ወጣ ብዬ የገዛሁለት መኪና ነው። ዕድሜው አልደረሰም ሲሉኝ፣ ከእኔ በላይ ይነዳል እል ነበር። ሲያበር አይቼዋለሁ ዘይነብ። ጎረቤት ሲያይልኝ ደስ ይለኝ ነበር።”

ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ልጁ፣ ኢምራን ይባላል፣ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ሂክማ ከጓዳ ወጥታ አየችው። እኩያዋ ነው። እንደ ጭራቅ ስታስበው ኖራ ኖሮ የክፍሏን ልጅ የመሰለ ልጅ ስታይ ግራ ገባት፤ ተመልሳ ገባች። ውሃ ሰጠኋቸው። ሌላ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም።

ፍርድ ቤቱ ጊዜ ወሰደ። ሽመልስ ነፃ ወጣ፤ አሁን በሌላ ሰው መኪና ይሠራል ይባላል። የኢምራን ጉዳይ በዕድሜው ተለይቶ ታየ። አባቱም ስለ ቁልፉና ስለ ሐሰቱ ተጠየቀ። ዳኛዋ ሲጠይቁት ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰ፤ “ጮክ በሉ” አሉት። “ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ” አለ፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። ኦቦ ቶሎሳ አጠገቤ ሆነው እጄን ጨበጥ አደረጉኝ። እድናለሁ ብዬ ነበር ያንን ስሰማ። አልዳንኩም። ግን ሽንብራውን እየመዘንኩ ሰው “ምን ሆኖ ነው የሞተው?” ሲለኝ፣ አሁን የምመልሰው ውሸት የሌለበት ነው።

ይቅር ብያቸዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። ልጁን ይቅር ብያለሁ። አባቱን ገና ነኝ፤ በየሶላቴ እሞክራለሁ፣ አንዳንዴ የሆነልኝ ይመስለኛል፣ መንገድ ላይ ሞተር ሲያጓራ እንደገና ይነሳብኛል።

ልጁን እንዴት ይቅር እንዳልኩ ልንገርህ። ውሳኔው የተሰጠ ቀን ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ መኪናውን ሊያመጣ የሄደውን ሙስጠፋን ስጠብቅ ኢምራን ብቻውን መጣ። እናቱ ከሩቅ ቆማ ታየዋለች።

“እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?” አለኝ። “ያን ቀን ቤትዎ ስንመጣ ልነግርዎት ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ።”

ንገረኝ አልኩት።

“ከመኪናው ወርጄ ወደ ባለቤትዎ ሮጥኩ። ሽማግሌው ወደ አስፋልቱ ሄደው ነበር፤ ማንም አልነበረም። አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ግንባሬ ይደማ ነበር። ጋሼ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ። ‘አንተ ልጅ፣ ተጎዳህ እንዴ?’ አሉኝ። ‘አልተጎዳሁም’ አልኳቸው። ‘አልሐምዱሊላህ’ አሉ። እጄን ይዘውኝ ነበር። ከዚያ ሸሃዳ ነው የሰማሁት፤ ከእሳቸው ጋር አልኩት። ሽማግሌው ሲመለሱ ፈርቼ ወደ መኪናው ሸሸሁ።”

ግቢው ውስጥ ሰው ይተላለፋል። እኔ ምንም አይታየኝም። ብቻህን የሞትክ መስሎኝ ነበር፤ ኦቦ ቶሎሳም “ብቻውን ጥዬው ሄድኩ” እያሉ ሲቃጠሉ ነበር። ለካ እጅህን የያዘ ሰው ነበር። ሽመልስ ሾፌሩ ሆኖ ቢቀር፣ ይህ ቃልህ ከዚያ ልጅ ጋር ተደብቆ ይቀር ነበር። መኪናቸውን፣ ስማቸውን፣ ልጃቸውን ለማትረፍ ብለው የአንተን የመጨረሻ ቃል ሊቀብሩብኝ ነበር። የልጁን ራስ በእጄ ነካሁ። እንደዚያ ላደርግ አላሰብኩም ነበር።

ተፍኪ ሄጄ ለኦቦ ቶሎሳ ነገርኳቸው። ኮታቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው ብዙ አለቀሱ። ለሂክማም ነግሬያታለሁ። ያሲን ገና ነው፤ ሲጎለምስ፣ የራሱን ቁልፍ የሚይዝበት ዕድሜ ሲደርስ፣ አጠገቤ አስቀምጬ እነግረዋለሁ።

ከድርዬ፣ እስከማርፍበት ቀን ድረስ በዱዓዬ አለህ። ልጆችህ አባታቸው እንዴት እንደሞተ ብቻ አይደለም የሚያውቁት። በደም ተነክሮ አስፋልት ዳር ወድቆ ሳለ፣ የገጨውን ልጅ ተጎዳህ ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ልጆች መሆናቸውን ያውቃሉ። ይህን እኔ ካልነገርኳቸው ማን ይነግራቸዋል? እነግራቸዋለሁ።

ባለቤትህ ዘይነብ
ሰበታ