የእትዬ ጎማን ልብስ ስለማስረከብ

ለክቡር የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የደም ግፊትዎ ልክ፣ እንቅልፍዎ ሙሉ፣ የቢሮዎም ቁልፍ በኪስዎ እንዲሆን ምኞቴ ነው፤ በተለይ ቁልፉ። እኔ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና የሕፃን ልብስ የምሸጥ፣ ሲታዘዝም የምሰፋ ነጋዴ ነኝ። ይህን እንደ ልማዴ የዕለት ማስታወሻዬ ላይ ከትቤ ልተወው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎን የመሰለ ሰው በአንድ አንባቢ፣ በእኔው ፊት ብቻ መመስገኑ ግፍ መስሎ ታየኝ።

ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ ድረስ አስጠርተው፣ ለአንዲት እንግዳ ከአቧራ የሚከልል ልብስ እንድለካ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። እንግዳዋ የወላድ ቅርጽ ያላት፣ ሲከፍቷት የምትተነፍስ፣ ሆዷ ውስጥ የጎማ ሕፃን ያለባት የመለማመጃ አሻንጉሊት ናት፤ ሠራተኞችዎ እትዬ ጎማ ይሏታል። ከነፋብሪካ ላስቲኳ፣ በዋንጫዎቹ መደርደሪያና በሶፋው መካከል ተጋድማ አገኘኋት። ሜትሬን ስዘረጋ «ቀስ! እንዳትጭራት!» ብለው ሲደነግጡ፣ ለወላድ የሚሳሳ አለቃ እንዳለን ገባኝና ደስ አለኝ። ደስታዬን የሚቀንሱ ጥቃቅን ቅሬታዎች ግን አልጠፉም።

አንደኛ፤ እትዬ ጎማን ያመጡልን አሠልጣኞች፣ የማደንዘዣ ባለሙያዋንና አዋላጆቹን አስተምረው ሲሄዱ፣ የተማሩትን እንዳይረሱ በየሳምንቱ ይለማመዱባት ብለው እንደተዉልን ሰምቻለሁ። ለኦፕራሲዮን እንድትደነዝዝ ወገቧ ላይ መርፌ የተወጋች ወላድ የደም ግፊቷ ድንገት ቢወርድ ወይም ትንፋሿ ቢያጥር፣ ማን ምን እንደሚይዝ፣ ማን ማንን እንደሚጠራ እጃቸው እንዲለምደው ነው አሉ። እርስዎ ግን «ብትበላሽ ማን ሊጠየቅ ነው?» ብለው ቆለፉባት። ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ። እኔም ከነላስቲኩ ተቀምጦ የሰነበተ ብዙ ዕቃ አውቃለሁ፤ አንዱም ሲያረጅ እንጂ ሲጠቅም አላየሁም።

ሁለተኛ፤ የማደንዘዣ ባለሙያዋ ደጋግማ አመልክታ ቁልፉን ስታጣ እኔ ሱቅ መጣች። ሰው የሚያክል ፍራሽ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ለስንት ሰው እንደሚሆን ብጠይቃት «ለአንዲት ናት አባባ፣ ብቻ ወገብ ይኑራት» አለችኝ። የስፖንጅ ፍራሽ ጠቅልዬ በሲባጎ ወገብ አበጀሁላትና አሁን ኮሪደር ላይ እየተለማመዱባት ነው። ፍራሿ ጨዋ ናት፤ ቢገለብጧትም አትቀየምም። ጉድለቷ አለመተንፈሷ ነው። ስለዚህ ባለሙያዋ ስታድናትም፣ ስትገድላትም መልኳ ያው ነው።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን የቤተሰብ ወሬ ነው። ታናሿ ልጄ የበኩር ልጇን አርግዛለች። ሕፃኑ አግድም ስለተኛ በኦፕራሲዮን እንድትወልድ ለመጪው ሳምንት ተቀጥሮላታል፤ ማደንዘዣውን የምትሰጣትም ያችው ባለሙያ ናት። በእሷ ቅሬታ የለኝም፤ ጎበዝ ባትሆን ፍራሽ ፍለጋ አትዞርም ነበር። ግን ልጄ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ድንገት አንድ ነገር ቢመጣ፣ በዚያ ክፍል ያለ አንድም ሰው «ቆይ፣ እንዴት ነበር?» እንዲል አልፈልግም። እናቷ የሕፃኑን ልብስ ስታጥፍ ስትዘረጋ ትውላለች። ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ እትዬ ጎማ ጠጋ ትበልልኝና እኔም ሶፋው አጠገብ ልተኛ፤ እዚያ ነው ሰው የሚጠነቀቅልኝ» ትልና ትስቃለች። አውቃታለሁ፤ እንደዚህ የምትስቀው ስትፈራ ነው።

እንግዲህ ነጋዴ ነኝና በውል ልጨርስ። እትዬ ጎማ ነገውኑ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ትውረድ። ብትጫር፣ ብትቀደድ፣ አንገቷ ቢወልቅ፣ ሌላ ልተካ በምስክር ፊት እፈርማለሁ፤ ሱቄም ዋስ ይሁን። እርስዎ ደግሞ ልጄ አንድ ነገር ብትሆን ሌላ ልጅ ሊተኩልኝ ይፈርሙልኝ። እስክሪብቶ እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ቢሮዎ ከአቧራ፣ ሶፋዎ ከእድፍ፣ ቁልፍዎ ከመጥፋት የተጠበቀ ይሁን እያልኩ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ፍራሽ ሻጭ

ማስታወሻ፦ ልብሱ ተሰፍቶ አልቋል። ቶሎ እንዲወልቅ ዚፑን ከአንገት እስከ እግር አድርጌዋለሁ፤ የማስረክበውም ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ነው። ሌላው፣ የእትዬ ጎማ ሕፃን ሆዷ ውስጥ ከገባ ዓመት አልፎታል፤ ለእርስዎ ስትል ምጧን ታግሣ እየጠበቀች ይሆናል። የእኔ ልጅ ግን ቀኗ ሰኞ ነው።