«ብዙም አይከፋም» ስላለችው እናቴና መኪና እንዳይነዳ ስለተከለከለው ወንድሜ

ለሰሜን ጥድ የጤና መድን ድርጅት
ለተከበሩ የቅድመ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የጠገበ፣ ስልክዎም እንደ ልማዱ የተያዘ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በሰሜን ሚኒሶታ፣ ከሐይቁ ዳር የምኖር ሲግኒ ሃልቮርሰን የተባልኩ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ። በስልክ መናገር ስለሚያስፈራኝና ትምህርቴም ብዙ ስላልገፋ በከተማችን ጋዜጣ በኩል መጻፌን ይታገሱኝ። በስልክም አንዴ ሞክሬ ነበር፤ እስክታነሱ የምታሰሙትን ሙዚቃ እስኪያልቅ አዳምጬ፣ ሰው ሲያነሳ ደንግጬ ዘጋሁት።

እናቴ ካሪ በመከር ወራት ወንድሜን ኦስካርን ወለደች። ከዚያ ወዲህ የሕፃኑን ልብስ እያጠፈች ታለቅስ ነበር፤ አጥፋ ስትጨርስም ፈትታ እንደገና ታጥፋለች። ኦስካር ሲያለቅስ የጎረቤት ልጅ ያለቀሰ ይመስል በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ሐኪሟ ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ነው ብላ፣ ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ የሚዋጥ ክኒን አዘዘችላት። ክኒኑ ውድ ነውና እናንተ ፈቅዳችሁ ካልከፈላችሁ አይገኝም፤ የቀረው የእርስዎ ቸርነት ብቻ ነበር። ስለዚህ ቸርነት ማመስገን የምፈልገው በተራ በተራ ነው።

አንደኛ፣ በስልክ ስላደረጋችሁላት ምርመራ አመሰግናለሁ። ነርሳችሁ ደውላ «እንዴት ነዎት?» ብትላት እናቴ «ኧረ ብዙም አይከፋም» አለች፤ እናንተም ቃሏን አክብራችሁ፣ ሕመሟ ቀላል ስለሆነ ይህ መድኃኒት አያስፈልጋትም አላችሁ። የተከበሩ ሆይ፣ እርስዎ ከሞቃት አገር እንደሆኑ እገምታለሁ። እኛ ዘንድ በብርዱ ወራት ሐይቁ ስለሚረጋ መኪና ይነዳበታል፤ ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን የአቶ ሌናርት መኪና በረዶውን ሰብሮ ሲሰምጥ፣ እሳቸው በረጠበ ካልሲ ዳር ቆመው ነበር፤ እንዴት ነዎት ሲባሉ «ብዙም አይከፋም» አሉ። አያቴም ሊሞት ሲል ለቄሱ የመለሰው ይህንኑ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው የሚያማርረው ከዳነ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ሐኪሟ ደጋግማ ከጻፈችላችሁ በኋላ ስለሰጣችሁት ፈቃድ አመሰግናለሁ፤ ብቻ የፈቀዳችሁት ለኦስካር ነበር። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አቶ ሩበን ደብዳቤያችሁን በመነጽራቸው ሥር አነበቡት። ባለ ፈቃዱ ክኒኑን ከዋጠ በኋላ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ያህል መኪና መንዳት አይችልም ይላል።

«ለመሆኑ ይህ ሰውዬ መንጃ ፈቃድ አለው?» ብለው አባቴን ጠየቁት።

«ገና አንገቱም አልጠና» አለ አባቴ።

«እንግዲያው በጥጋብ የሚነዳ አይመስለኝም።»

እኔ ግን ትእዛዛችሁን አክብሬ የመኪናውን ቁልፍ ከፍ ካለ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ኦስካር እስካሁን አልነዳም።

ይህን ለእናቴ ስነግራት የከንፈሯ ጫፍ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን «ሲግኒ፣ ልጁን ደህና እናት ላለችበት ቤት ብንሰጠው አይሻልም?» አለችኝ። ትርፍ ድንች ለጎረቤት ስለመስጠት እንደምታወራ ያህል በእርጋታ ነው ያለችው። እዚህ ላይ ሦስተኛ ብዬ መቁጠር አልቻልኩም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በማግስቱ አቶ ሩበን ወደ እናንተ ደወሉና ስልኩን በድምፅ ማጉያ ለቀውት ዋሉ። የእናንተ ሙዚቃ መድኃኒት ቤቱን ሞላው። የሳል ሽሮፕ ሊገዙ የመጡት ጎረቤታችን ወይዘሮ ቶርቫልድሰን ሳያውቁት በዜማው ይወዛወዙ ነበር። ሊመሽ ሲል አንድ ሰው አነሳ፤ በፈቃዱ ላይ ያለው ስምም ወደ እናቴ ተስተካከለ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር፤ ወደ ቤት የሮጥኩት ኮቴን ሳልቆልፍ ነው።

ክኒኑ ቅባት ካለው ምግብ ጋር መዋጥ አለበት መባሉን የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ሲሰሙ፣ ዕድሜ ልካቸውን የተዘጋጁለት ጥሪ የመጣ መሰላቸው። ድንች፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ክሬምና አይብ ተደራርቦ የተጋገረበት ሳህን በየማታው ደጃችን ላይ ይቀመጥ ጀመር። «ሐኪም ያዘዘው ነው» ይላሉ ወይዘሮ ቶርቫልድሰን፣ ቅቤ እየጨመሩበት። እናቴ እየበላች ዋጠች። ክኒኑን እስክትጨርስ ጡት ማጥባቱን ስለተወችው ጡጦው የእኔ ሥራ ሆነ፤ መኪናውን አባቴ ነዳ፤ አባቴ ክኒኑን ባይውጥም ሳህኑን እስከ ታች ይጠርገው ነበር።

ባለፈው እሑድ ራት ላይ እናቴ ኦስካርን በአንድ እጇ ታቅፋ አንዴ ቀመሰችና ሹካዋን አስቀመጠች።

«ይሄ ነገር ጨው በዝቶበታል» አለች።

አባቴ ማኘኩን አቆመ።

«ድንቹም አልበሰለም። ደግሞ የዚህ ልጅ ካልሲ የታለ? ማን ነው በዚህ ብርድ እንዲህ ያለበሰው?»

ያለበስኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ተወቅሼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እንግዲህ የተከበሩ ሆይ፣ መድኃኒቱ በመጨረሻ ስለደረሰን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ስለዘገየበት ጊዜ ደግሞ በትሕትናዬ ልክ አመሰግናለሁ። ለእርስዎም ለባልደረቦችዎም፣ ስትታመሙ የተናገራችሁትን ሳይሆን የሆናችሁትን የሚሰማ ሰው ይዘዝላችሁ።

በታላቅ አክብሮት፣ ከፍ ካለ ምስማር ሥር፣
የኦስካር እኅትና የመኪናው ቁልፍ ጠባቂ
ሲግኒ ሃልቮርሰን

ማስታወሻ፦ እናቴ ይህን ደብዳቤ አንብባ «በጣም ለስላሳ ነው» አለችኝ። እሷ በስልክ መናገር አትፈራም፤ ነገ ጠዋት ትደውልላችኋለች። እባካችሁ እንደ ባለፈው «እንዴት ነዎት?» ብላችሁ ጠይቋት። አሁን ትነግራችኋለች።