በበርጩማው ላይ የመጣ ጥያቄ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአሞአኮ፤ ፈጣሪ ጤናህን ይስጥህ፣ ከዚያ አገር ብርድም ይሰውርህ። እናትህ ደህና ናት፤ ኮኮዋውም ዘንድሮ ጥሩ ፍሬ ይዟል።

እሁድ ሽማግሌዎቹ እንደ ዙፋን የሚቆጠረው የአለቃነት በርጩማዬ ወራሽ አድርገው ሾሙህ፣ በግም ታረደልህ። ከልጅነትህ መቀመጥ ትወዳለህ ብዬ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ። ማክሰኞ ግን ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣው ኦሴይ አንተም የሞላኸውን የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻ ቅጽ ሲያነብልኝ ክው አልኩ። «በዘር የሚወረስ ማዕረግ አለህ? ትተዋለህ?» ይላል። ስድስት ዓመት የጠበቅከው የዜግነት ቃለ መጠይቅ ወር ሲቀረው ምን አደረግኩህ?

እናትህ «አሜሪካ በበርጩማችን ምን አገባት?» ትላለች።

አትዋሽ ልጄ። «አለኝ፣ እተወዋለሁ» በል፤ ሽማግሌዎቹን ለእኔ ተዋቸው። መንገድህን ያቅናልህ። ብቻ ከመተውህ በፊት ደውልልኝ፤ አለቃ በሚጠራበት ማዕረግ አንዴ «ናና» ብዬ ልጥራህ።

አጎትህ