ውርጩ የወረደ ሰሞን

ጄልዱ፣ ታኅሣሥ 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ አባት፤

ጤናህ እንዴት ነው? የጌዶ ብርድ እንደኛው ጨክኖባችሁ ይሆን? እኔና ልጅህ ለንሳ፣ ጌታ ይመስገን፣ አለን። ከተለያየን ወዲህ ጽፌልህ አላውቅም፤ አሁንም የምጽፈው ስለ እናትህ ነው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ኦቦ ዱጋሳ ቤት ሬዲዮ ስንሰማ የበጋው የአየር ትንበያ ተነገረ። ደረቁ ነፋስ እንደሚበረታ፣ ደጋው ላይ ውርጭ እንደሚወርድ፣ የደረሰ ሰብል ቶሎ እንዲሰበሰብ፣ ሽማግሌና ሕፃን ከብርድ እንዲጠበቅ አስጠነቀቁ። ሌላው ለድንቹ ሲጨነቅ እኔ እናትህ ትዝ አሉኝ። አንተ ከሄድክ ጀምሮ ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን ናቸው። ባሏን መያዝ አቃታት ብለው እኔንም ሰላምታ ነፍገውኝ ነበር።

እንደ ምንም ብዬ ሄድኩ። ብርዱ እስኪያልፍ እኔ ቤት እንዲከርሙ ለመንኳቸው፤ ልጄ ሲመጣ ቤቱን ባዶ ሊያገኘው ነው ወይ ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ ብርድ ልብሴን ተሸክሜ፣ ለንሳን ይዤ እኔው እሳቸው ዘንድ ገባሁ።

ውርጩ የወረደ ለት ጠዋት ስንወጣ የድንቹ ማሳ እሳት የበላው ይመስል ጠቁሯል። ከሥር የተረፈውን ስንቆፍር ዋልን። እናትህን ተዉ፣ ይግቡ ብንላቸው አልሰሙም። ማታ ደረታቸውን ያዛቸው። የጤና ጣቢያዋ ሠራተኛ መድኃኒት ሰጥታቸዋለች፤ ሳሉ ግን እስካሁን አልለቀቃቸውም።

አንድ አልጋ ላይ ሦስት ሆነን ነው የምንተኛው። እኒያ ያኮረፉኝ ሴትዮ እግሬን በእግራቸው ያሞቁልኛል። ስምህን አናነሳም። መኪና ሲያልፍ ግን ሁለታችንም ወሬያችንን እናቆማለን።

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ ስመለስ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ብለው ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። «እናትህ ሞተች ብለሽ ጻፊለት። ለቀብር እንኳ ይመጣል።»

እንዲህ ያለ ነገር በእጄ አልጽፍም አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ።

እናትህ አልሞቱም። ሳይሞቱ ና።

መንገዱ ደርቋል፤ ከአምቦ ወደዚህ መኪና አይጠፋም። ብርዱ እስከ ጥር ይዘልቃል ተብሏልና ወፍራም ልብስ ያዝ። ባለቤትህም ብትመጣ ቤቱ ይበቃችኋል። የከበደህ እኔን ማየት ከሆነ፣ የምትመጣበትን ቀን ለኦቦ ዱጋሳ ላክላቸው፤ ያን ዕለት በጠዋት ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ለንሳን ግን ትቼልህ ነው የምሄደው። መጀመሪያ ብታፍርህ አትቀየማት፤ ቆይታ ትለምድሃለች። መልክህን እየነገርኩ ነው ያሳደግኳት።

ጌታ በመንገድህ ይቅደም፤ ትዳርህንም ይባርክ።

የልጅህ እናት