በአያቷ ስም የተጠራች ልጅ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ እህቴ ለእትዬ ሀፍሳ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ እንደ ደሴ ጉም ቤትዎን ይሙላው። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ብርዱን ቻለው? ስኳሩስ? መድኃኒቱን በጾም ቀን «አላህ ይበቃኛል» እያሉ እንደሚተዉት ሰምቻለሁ፤ እባክዎ እንዲህ አያድርጉ። የባለቤትዎ የጋሽ ሙሀጅር ዓይን እንዴት ሆነ? እኔ አልሐምዱ ሊላህ፣ ሰውነቴ ደህና ነው። ልቤንም ደህና ነው ብዬ ብጽፍልዎ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ልጄ ራውዳ ደውላ «ሥራዬ ጋለሪ ገባ» ብትልዎት እልል ብለው ጎረቤት እንደ ጠሩ ልጅዎ ዙበይር ነገረኝ። እልልታዎን አልቀማዎትም። ብቻ የሆነውን ከእኔ ካልሰሙ ከሌላ ሰው ተጣሞ ይደርስዎታልና ልንገርዎ። ተቆጥቻለሁ እትዬ። ሚስቴን ሀሊማን ከቀበርኩ ወዲህ እንዲህ ተቆጥቼ አላውቅም።

እዚህ አገር አባት እናታቸው ከእስያ የመጡ ወጣት ሠዓሊዎች አንድ ላይ ሆነው ኤግዚቢሽን አዘጋጁ። ሥዕል ስልዎ በቀለም የተሳለ ብቻ አይምሰልዎ፤ ዕቃ ይደረድራሉ፣ ልብስ ይሰቅላሉ፣ ድምፅ ያሰማሉ፣ ይኼም ሥዕል ይባላል። የሀሊማ አባት የመናዊ አልነበሩ? የመን ደግሞ እስያ ናት፤ በዚህ ራውዳም ገባች። ያ የአማቴ የሐጅ አብዱልቃድር ሱቅ፣ የሰፈራችን አረብ ቤት፣ ቶሮንቶ ላይ ሊቆም ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሸሚዜን ተኩሼ፣ ከፓርኪንጉ ሥራዬ አስፈቅጄ፣ ስትሪትካር በሚሉት የሐዲድ አውቶቡስ ሄድኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። አንዷ ፊሊፒናዊት እናቷ የሰው ልጅ ስታሳድግ የታጠቀችውን ሽርጥ ሰቅላለች፤ ፊቱ ቆሜ እንባዬ መጣ። አንዱ የቬትናም ልጅ አባቱ የተሰደዱበትን ጀልባ በወረቀት ሠርቶታል። አባትየው ራሳቸው አጠገቡ ቆመው፣ ክራቫት አስረው፣ ሰው ይጨብጣሉ። እኔንም ጨበጡኝ። የእኔም ልጅ ወዲያ ናት አልኳቸው በኩራት። ከዚያ የራውዳ ክፍል በር ላይ ስደርስ ግድግዳው ላይ በትልቁ «ራውዳ አብዱልቃድር፣ የመናዊት ካናዳዊት» ይላል። ራውዳ ኑረዲን የለችም። ደሴ የለችም። ኢትዮጵያ የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች ፈልጌ አጣሁ። ሱቁ ከየመን ተነሥቶ በቀጥታ ቶሮንቶ ያረፈ ነው የሚመስለው።

ውስጡ ግን ወላሂ ያው ሱቅ ነው። ሰማያዊው መደርደሪያ፣ የከረሜላው ብልቃጥ፣ በወረቀት የተጠቀለለው ስኳር፣ ከባንኮኒው ኋላ ሐጅ የሚሰግዱበት ዓይነት ምንጣፍ። ከዚያ የሀሊማ ድምፅ መጣ። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ራውዳ በስልኳ የቀዳችው ነው፤ እኔም አልጋው አጠገብ ነበርኩ። ሀሊማ ያን ቀን ስለ ሱቁ ያወራችው በአማርኛ ነበር፣ እዚህም እዚያም የአባቷን ዓረብኛ ጣል እያደረገች። ልጄ አማርኛውን ቆርጣ ጥላ ዓረብኛውን ብቻ አስቀርታለች። እርስዎ ያውቋታል፤ ልጆች «የአረብ ልጅ፣ አገርሽ ግቢ!» ሲሏት ድንጋይ አንሥታ «አገሬ እዚሁ ነው፣ ወንድ ከሆንክ ና!» ትል ነበር። ያቺን ሴት በሞቷ አገሯ አስገቧት።

የምይዘው አጣሁ። ሰዓቴን ባይ የዐስር ሶላት ደርሷል፣ ውዱዕም አለኝ። ምንጣፍ ተነጥፎ ሶላት ከደረሰ እኛ ምን እናደርጋለን? ጫማዬን አወለቅሁ። ምንጣፉ ለፎቶ እንዲያምር ነው አሉ ወደ በሩ የዞረው፤ ወደ ቂብላ መለስኩትና ሰገድኩ። ሶላቴን ልጨርስ ሳሰላምት ወደ ቀኝ ብዞር ሰው፣ ወደ ግራ ብዞር ሰው፣ ሁሉም ስልኩን ደግኗል። ከዚያ አጨበጨቡልኝ። አጨበጨቡልኝ እትዬ! የትርዒቱ ተዋናይ መስያቸዋለሁ። አንዲት ሴትዮ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ቤዩቲፉል» አለችኝ። ጥበቃው ደግሞ ሥራውን መንካት ክልክል ነው ብሎኝ ምንጣፉን መልሶ ወደ በሩ አዞረው። ራውዳ ሰው መሀል ቆማ ታያለች። አባቴ ነው አላለችም።

ፌርማታው ጋ ሮጣ ደረሰችብኝ። «አባዬ ፕሊስ፣ ሰው ፊት አትጩህ» ትላለች። ገና መች ጮኽኩና! ስሜን የት ጣልሽው አልኳት። አዘጋጇ ሴትዮ ለተመልካች እንዳይደበላለቅ አንዱን ምረጪ ብላት ነው አሉ። «የአርቲስት ስም እኮ ነው፤ ፓስፖርቴ ላይ አለህ» አለችኝ። ፓስፖርት ላይማ ለፖሊስም አለሁ አልኳት። ልጅ በአባቱ ነው የሚጠራው፤ አያትሽ ራሳቸው ቢሰሙ ያፍሩብሽ ነበር፤ የእናትሽንም አፍ ዘጋሽ አልኳት። ይኼኔ አለቀሰች። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «እኔን ሰው ሲያይ አንተን ነው የሚያይ። ፊቴ አንተ፣ ጸጉሬ አንተ። እሷን ማንም አያያትም። ዋን ሩም፣ አባዬ! አንድ ክፍል ለእሷ ብሰጣት ምናለ?» አለችኝ። ስትሪትካሩ መጣ፤ ተሳፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ትደውላለች፣ አላነሣም። ሶላት ላይ ስቆም እንኳ ያ ጭብጨባ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ራሴን እመረምራለሁ፦ የተቆጣሁት ለሀሊማ ነው ወይስ ለራሴ? ሀሊማ ብትኖር መጀመሪያ ትስቅ ነበር መሰለኝ፤ «አንተ ሰውዬ፣ ኤግዚቢሽን ገብተህ ሰገድክ?» ብላ ሆዷን ትይዝ ነበር። በተቆረጠው አማርኛዋ ግን አትስቅም። ይኼን ሳስብ ንዴቴ እንደገና ይነድዳል። ያቺ አዘጋጅ ለሰው ስንት አገር እንደሚበቃው ወሳኝ ማን አደረጋት? ሰው ከሁለት ምንጭ ቢጠጣ ምኑ ነው የሚደበላለቀው? ደግሞም ልጄ «ማንም አያያትም» ያለችው እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል፤ ልውጠውም ልተፋውም አልቻልኩም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ለእርስዎ መደወሏ አይቀርም። እንዳይቆጧት፤ የእኔ ቁጣ ይበቃታል። አስታራቂም አይሁኑ። እንዲያው የእኛ አገር አዋቂ መንገድ ላይ ያገኘውን ልጅ እንደሚጠይቀው «አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ?» ይበሏት፤ ከዚያ እስክትጨርስ ዝም ይበሉ። ያለችውን ዙበይር ሳይጨምር ሳይቀንስ ይጻፍልኝ። የእኔ ስም ባይኖርበትም ይጻፈው። እኔ እንዳልጠይቃት መልሷን ከፊቷ ላይ ማንበብ ፈራሁ።

የጋሽ ሙሀጅርን ጉልበት ይሳሙልኝ። ዙበይርን ከነሚስቱ፣ ሕፃናቱን በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። ጎረቤትዎን እማማ ኤልፍነሽን ሳልዎ ተሻለዎ ወይ ይበሉልኝ። ሀሊማን በዱዓ አይርሷት። ራውዳንም። እኔ ተቆጥቼም ቢሆን ከዱዓዬ አንድ ቀን አልዘለልኳትም፤ አላህ ፊት የማነሣት ግን ራውዳ ኑረዲን ብዬ ነው።

ወንድምዎ ኑረዲን ይማም
ፓርክዴል፣ ቶሮንቶ
ኅዳር 9 ቀን 2006 ዓ.ም.