ከካርቶኑ የወጣች ብልቃጥ

ውድ ሲስተር ጽናት፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። እንደምን እንደሰነበትሽ ሰምቻለሁ። እንዲያ እንድትሰነብቺ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ስሜን ላስቀድም። ረሂማ ነኝ፣ የኡመይማ እናት፣ ደጋን መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የምሸጠው። ወረቀቱን ብትቀጂው አልፈርድብሽም። ብቻ አንብበሽ ከጨረስሽው በኋላ ቅደጂው።

ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ይህን መጻፍ ከጀመርኩ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ ሁለት ሦስት መስመር እጽፋለሁ፤ ገዥ ሲመጣ ሚዛኑ ሥር እደብቀዋለሁ። ትናንት አንዷ ደንበኛዬ አየችኝና "ረሂማ፣ በዚህ ዕድሜሽ የፍቅር ደብዳቤ ጀመርሽ?" ብላ ሳቀች። "የሰው ሀቅ ነው" አልኳት። ሽንኩርቷን ይዛ ሄደች።

ባለፈው ሐምሌ እኔና ባለቤቴ በሺር ኡመይማን ይዘን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ልጄ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ "እማ፣ አየሩ የት ሄደ?" አለችኝ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ልቧ ከታመመ አራተኛ ዓመቱ ነበር፤ በየወሩ አንድ መርፌ እየተወጋች ትኖር ነበር። ደሴ ሆስፒታል ስንደርስ አልጋ ሰጡን፣ አንቺም መጣሽ። ክፍሉ ሃያ ስድስት አልጋ አለው። ከሰዓት በኋላ ለሃያ ስድስቱም አንቺ ብቻ ነበርሽ። ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። አንዷ ነርስ ወልዳ ፈቃድ ላይ እንደነበረች፣ በእሷ ቦታ ሰው ለመቅጠር በጀት የለም እንደተባለ የሰማሁት በቅርቡ ነው። እኔ ያየሁት ስትሮጪ ነው። ሰው የሚሮጥ ሰው ሲያይ ቸል የተባለ ይመስለዋል።

ሙስበሃዬን እጄ ላይ አየሽና ቆምሽ።

"እናቴ፣ ስንት ዶቃ አለው?"

"ዘጠና ዘጠኝ።"

"እስቲ ዛሬ አላህን ያስፈቅዱልኝና ትንፋሽ ይቁጠሩበት። ደረቷ አንዴ ከፍ ሲል አንድ ዶቃ። ይኸው የእጅ ሰዓቴ፤ ይህቺ ቀጭኗ አንድ ዙር እስክትዞር ይቁጠሩ። ከአርባ ካለፈ ይጥሩኝ። ሁሉም ጋ ልቆም አልችልም፣ ግን ከጠሩኝ እመጣለሁ።"

ኡመይማ ትንፋሽ እያጠራት "ቁጥር ላይ ጎበዝ ናት፤ የምታጭበረብረው ሚዛን ላይ ነው" አለችሽ። ሦስታችንም ሳቅን። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ቀጥለሽ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ "በየወሩ የምትወጋው መርፌ አልተቋረጠም?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ "አልተቋረጠም" ልል አፌን ስከፍት ኡመይማ ቀደመችኝ።

"ሦስት ወር ሆነኝ። ለአባቴ ግን እንዳትነግሪው ሲስተር። እማን ይቅር አይላትም።"

አንቺም "ለዶክተሩ መንገር ግዴታዬ ነው። ለአባትሽ ግን ከእኔ አፍ አይሰማም፤ ቃሌ ነው" አልሻት።

እውነቱን እዚህ ላይ ልጻፈው። ሁለቱን ወር ጤና ጣቢያው "መርፌው አልመጣም" ብሎ መልሶናል። በሦስተኛው ወር መጥቶ ነበር። አምጫት ብለውም ልከውብኛል። ያን ሳምንት ግን የዐረፋ ሰሞን ነበር፣ ሽንኩርት የሚፈለግበት፤ ልጅቷም ደህና ትመስል ነበር። "ከበዓሉ በኋላ" አልኩ። ከበዓሉ በኋላም ረሳሁት። ለበሺር ግን ተወግታለች አልኩት።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ዶክተሩ ከሳንባዋ ውሃውን የሚያወጣ መርፌ አዘዘ። የጤና መድን ካርዳችን በእጄ ነበር፤ በጊዜው ያሳደስኩት ነው። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ማዘዣዬ ላይ "የለም" የሚል ማኅተም መታና ከውጭ ግዢ አለኝ። መድኑ ነበር፤ መድኃኒቱ አልነበረም። በሺር ከፒያሳ እስከ ሸዋበር ያለውን ፋርማሲ ሁሉ ዞሮ ሲያጣ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። እሱ መንገድ ላይ ሳለ ዶቃው አርባን አለፈ። ሃምሳ ላይ ሲደርስ ጮህኩ፤ አንቺም እጅሽ ላይ የሌላ ሰው ደም እንዳለ መጣሽ።

ታጥበሽ ተመለስሽና ከቁም ሳጥኑ ሥር የብስኩት ካርቶን ሳብሽ። አስታማሚዎች "የሰደቃ ካርቶን" የሚሉት። ከክፍሉ የሚወጣ ሰው የተረፈውን፣ ጓንቱንም፣ ያልተከፈተውን ብልቃጥም፣ ሳሙናውንም ለሚቀጥለው የሚተውበት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲተውበት አይቻለሁ። አንዲት ብልቃጥ አወጣሽና መስኮቱ ጋ ወስደሽ አሳየሽኝ።

"እናቴ፣ ይህ ከትናንት ወዲያ ካረፉ አባት የተረፈ ነው። እንዳልተከፈተ ይዩት፣ ቀኑም አላለፈም። በደንቡ ከመድኃኒት ቤት ያልወጣ መድኃኒት መስጠት አይፈቀድልኝም። ባለቤትዎ እስኪመጡ ከጠበቅን ደግሞ እሷን እፈራላታለሁ። ልስጣት?"

መለስኩልሽ። አንዲት ቃል ነበረች። እጄ ገና አልደፈረም፤ በኋላ እጽፋታለሁ።

ሰጠሻት። አመሻሹ ላይ ዶቃው ወደ ሠላሳ ስድስት ወረደ። ኡመይማ ሁለት ማንኪያ አጥሚት ጠጣች፤ እኔም ትከሻሽን ሳምኩሽ። በሺር ከኮምቦልቻ አምስት ብልቃጥ ይዞ ደረሰ፤ በማግስቱ ጠዋት አንዷን ሰጠሻት። ቀትር ላይ፣ በዙህር ሶላት ሰዓት፣ ልቧ ቆመ። ደረቷን ስትገፊ፣ ላብሽ አንሶላዋ ላይ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። ዶክተሩ ደሙን የሚያሳልፈው የልቧ በር አልቆ ነበር አለን። አልሰማሁትም። የቀሩትን አራት ብልቃጦች ከሻርፔ ጫፍ ቋጥሬ ወጣሁ። ካርቶኑን አይቼዋለሁ። ለማንም አልተውም አልኩ።

ለቅሶው ላይ የበሺር እህት "ለመሆኑ ምን ሰጧት?" አለችኝ። ስለ ካርቶኑ ነገርኳት። "የሞተ ሰው መድኃኒት ወጓት?" ብላ ጮኸች። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ፤ በሺርም አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ነበር፣ የመርፌው ጥያቄ፤ ገና ከአፉ አልወጣም። እኔም ቀደምኩትና "አዎ፣ የሞተ ሰው" አልኩ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር የጠየቀኝ የለም። ሲስተር ጽናት፣ የጠላሁሽ መስሎሽ ከሆነ አልጠላሁሽም። ተሸሸግኩብሽ።

ነገሩ አቤቱታ ሆኖ ሆስፒታሉ ደረሰ፤ ጥቅምት ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ቆምን። አንቺ "ነግሬያቸዋለሁ፣ ፈቅደውልኛል" አልሽ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ።

"ነግራዎታለች?"

"አልነገረችኝም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ወላሂ አልነገረችኝም። ትንፋሿንም አንቺ ቁጠሪ ብላኝ ትታን ሄደች።"

በአላህ ስም፣ ያንኑ ሙስበሃ እንደያዝኩ ማልኩ። ልጄ ሚዛን ላይ ታጭበረብራለች ስትል ቀልዷን ነበር። እኔ እውነት አደረግኩት።

ሰብሳቢው የምትጨምሪው እንዳለ ጠየቀሽ። "መርፌውን ያቋረጠችው እሷ ናት" ብትዪ ያ ሁሉ ይገለበጣል። በሺር አጠገቤ ተቀምጧል። ቀና ብለሽ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አየሽ። "የለኝም" ብለሽ ተቀመጥሽ። ለሞተች ልጅ የገባሽውን ቃል ጠበቅሽ። እኔ እናቷ አልጠበቅኩላትም።

ከዚያ ወዲህ ሰግጄ ሙስበሃ ስቆጥር አርባ ላይ ምላሴ ይቆማል። ጥር ላይ አልቻልኩም። አራቱን ብልቃጦች ይዤ አፉ በይኝ ልልሽ ሐረጎን ወጣሁ። ክፍሉ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ "ከታካሚ የተረፈ መድኃኒት መቀበልም ሆነ መስጠት በጥብቅ የተከለከለ ነው።" ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። የእኔ ቃል ነው፤ ማኅተም ተመቶበት ግድግዳ ላይ ወጣ።

ውስጥ ያገኘሁት ጓደኛሽን እስከዳርን ነው። አወቀችኝ፤ ፊቷን አዞረችብኝ።

"ጽናትን ፈልጌ ነው" አልኳት።

"የለችም። የሙያ ፈቃዷ ታገደ። ኮምቦልቻ አክስቷ ቤት ሆና ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች።"

"ካርቶኑስ?"

"ተቃጠለ። ከነመድኃኒቱ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ። እኛም ተምረናል እናቴ። አሁን 'የለም' ነው የምንለው። 'የለም' በማለቱ የተከሰሰ ነርስ አይቼ አላውቅም።"

ልወጣ ስል ኡመይማ ከተኛችበት አልጋ ላይ አንዲት ሴት አየሁ፤ ትራሷ ተደራርቦ ተቀምጣ ታቃስታለች። ባሏ፣ ወንድምአገኘሁ የሚባል የገራዶ ገበሬ፣ ኮሪደሩ ላይ ማዘዣውን እያገላበጠ ቆሟል። ማኅተሙን ከሩቅ አወቅኩት። መድኃኒቱም ያው ነበር።

"ወንድሜ፣ ይኸው" ብዬ ቋጠሮዬን ፈታሁለት። "ከልጄ የተረፈ ነው፣ አልተከፈተም። ልጄ ሞታለች፤ የሞተ ሰው ነው ብለህ ከፈራህ ተወው።"

ብልቃጦቹን አየ፣ እኔን አየ። "እማማ፣ እኔ የምለብሰው ኮት የሟች አባቴ ነው" አለኝ። ተቀብሎኝ ገባ።

እስከዳር ቀኑን አነበበች፣ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፣ ከዚያም በሩ ላይ ያለሁትን እኔን አየችኝ።

"ከየት ገዛኸው?"

"ከደጋን።"

"ደጋን ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ያለ ፋርማሲ ያላት?"

"ዛሬ ተከፈተ" አላት። ሳቋን ልትይዝ ብላ አቃታት፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። መርፌዋን ሞልታ ወደ ሴትዮዋ ሄደች። የሴትዮዋ ትንፋሽ እስኪረጋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሕግ አፍርሼ ይሆናል። ግን አንቺ በዚያች ደቂቃ ምን እንደመረጥሽ የገባኝ እዚያ አግዳሚ ላይ ነው።

ስወጣ እስከዳር ተከትላኝ መጣች። ይግባኝ ማለት እንደምትችይ፣ ግን "ማን ያምነኛል?" ብለሽ እንደተውሽው ነገረችኝ። አድራሻሽንም የሰጠችኝ እሷ ናት።

ቤቴ ገብቼ ለበሺር ሁሉንም ነገርኩት። የዐረፋውን ሳምንት፣ "ተወግታለች" ያልኩትን፣ መሐላውን። አልጮኸም። ብድግ ብሎ ወጣ። ሦስት ቀን አላናገረኝም፤ ምግቡን አቀርባለሁ፣ ይበላል፣ ይወጣል። በአራተኛው ቀን ሆስፒታሉ ሄጄ ቃሌን ልቀይር ስነሳ ጫማውን ሲያስር አገኘሁት።

"ወዴት ነህ?" አልኩት።

"ሐረጎን ብቻሽን አትወጪም" አለኝ።

ጸሐፊዋ "ማዘር፣ በሐሰት መስክሬያለሁ ማለትዎ እኮ ነው። ሊያስጠይቅዎት ይችላል" አለችኝ። ይጠይቀኝ አልኳት። አዲሱን ቃሌን በእጄ ጽፌ ፈርሜ ሰጠሁ፤ ግልባጩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኚዋለሽ። ነገር ግን ይግባኙን ማስገባት ያለብሽ አንቺ ራስሽ ነሽ። ጊዜው የሚያበቃው የካቲት ሃያ አንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ የእኔ ወረቀት ብቻውን ምንም አይረባሽም ብለውኛል።

እንግዲህ እለምንሻለሁ፤ አስገቢው። ለእኔ ብለሽ አይደለም። አፉ በይኝም ገና አልልሽም፤ ሀቅሽን በእጄ ይዤ ይቅርታ ብለምንሽ ሌላ በደል ነው። ቀድሜ ልመልስልሽ። ማን ያምነኛል ብለሽ እንደሆነ፣ የመሰከረብሽ ሰው ተመልሶ ሊመሰክርልሽ ቆሟል። ኮሚቴው የጠራሽ ቀን ከሩቅ ታውቂኛለሽ፤ በሩ ላይ ከበሺር ጋር እቆማለሁ፣ ሙስበሃዬም በእጄ ይሆናል። ብታናግሪኝም ባታናግሪኝም እገባለሁ።

ሰብሳቢው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል። እኔም ያን ቀን መስኮቱ ጋ ብልቃጧን ይዘሽ "ልስጣት?" ስትዪኝ የመለስኩልሽን፣ በሺር እየሰማ፣ እንደገና እላለሁ። እነሆ አሁን እጄ ደፈረ።

"ስጪያት" ነው ያልኩሽ።

ረሂማ
የኡመይማ እናት
ደጋን፣ የካቲት 4