ጫማሽን ለእህትሽ ስለ መስጠት

ለውድ ባለቤቴ ለአዛለች፤

ከተለየሽኝ ስምንተኛው ወር ገባ። ቤቱን አንቺ እንደምታውቂው አድርጌ ለመያዝ እጥራለሁ፤ ሆኖም ልጃችን ሰብለ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማንኩሳ እየመጣች ያስቀመጥሁትን ሁሉ ታነሣዋለች። የጓሮው ጌሾ ለምልሟል። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዛውረነዋል፤ ባዶው ጎን በግድግዳው በኩል ሆነልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ግራ ስለ ገባኝ ነው። እህትሽ ይታይሽ ከቡሬ ገጠር መጥታ ጥቁሩን የቆዳ ጫማሽን ጠየቀችኝ። በአርባሽ ልብሶችሽ ለዘመድና ለነዳያን ሲከፋፈሉ ጫማው ቀርቶ ነበር። ለሙት ዓመትሽ እሱን አድርጋ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ልትሄድ አስባለች። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሰብለ በስልኳ ያነበበችውን ነግራኝ ነበር፤ አንቺን የወሰደው ዓይነት፣ ፀሐይ በማያገኘው የሰውነት ክፍል ላይ የሚወጣ፣ እምብዛም የማያጋጥም የቆዳ ካንሰር ምናልባት የቫይረስ እጅ ይኖርበታል ብለው የሚጠረጥሩ ተመራማሪዎች አሉ አለችኝ። ስለዚህ እህትሽን «ትንሽ ቆዪ» አልኋት።

«ምነው ጋሼ፣ ለሙት ጫማ ይሰስታሉ? ለእርስዎ እግር እንደሆን አይበቃ» ብላኝ እየሣቀች ተነሣች። ሣቋ ግን ከደጃፍ አላለፈም። ምክንያቱን ብነግራት አንቺን ተላላፊ በሽታ እንደ ነበረብሽ ልትቆጥር ነው፤ ባልነግራት እኔን ቆንቋና ልትል ነው። ጫማውን ሰጥቻት እሷንም ብቀብርስ?

ያ ጥቁር ነጥብ ከተረከዝሽ ሥር ሲወጣ «ማርያም የሳመችኝ ነው» ብለሽኝ ነበር። እመቤታችን ይህን ያህል ዝቅ ብላ አትስምም ብዬ ተከራከርሁሽ። ቀጥሎ እሾህ ነው ተባለ፤ ከዚያ የጫማ ሚስማር። አሁን ደግሞ ቫይረስ። የትኛውን ልውቀስ?

በመጨረሻ ያከመሽን ወጣት ሐኪም ፈልጌ አገኘሁት። «አባቴ፣ የቫይረስ ርዝራዥ በአንዳንዶቹ ዕጢዎች ተገኝቷል፤ በሌሎቹ አልተገኘም። መገኘቱም አምጪው እሱ ነው አያሰኝም። ገና አልተረጋገጠም» አለኝ። ስለ ጫማውም ጠየቅሁት። ካንሰሩ በጫማ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ያለ ማመንታት ነገረኝ፤ ይልቁንስ ሁላችንም የእግራችንን መርገጫ እየተመለከትን፣ አዲስ ጥቁር ነጥብ ካየን ፈጥነን እንድንመጣ አሳሰበኝ። «ሊሆን ይችላል» ማለትን ለተማሪዎቼ ስንት ዘመን አስተማርሁ፤ አብሬው መኖር እንዲህ የሚከብድ ግን አልመሰለኝም ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ጫማውን ጠርጌና ቀለም ቀብቼ፣ እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከዚያም በባጃጅ እስከ ይታይሽ ደጃፍ ሄድሁ። ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኋት። «እኔ እኮ ቁስሏን በባዶ እጄ ሳጥብ ነው የከረምሁት። ያኔ ያልፈሩልኝን ዛሬ ለጫማ ፈሩልኝ?» አለችኝ። ወዲያውም ከደጃፏ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ኮንጎዋን አወለቀችና በጎረቤት ፊት እግሯን ዘረጋችልኝ። «እንግዲያ ይዩታ!»

በሰው ፊት የኮቴን ቁልፍ እንኳ የማልፈታው እኔ፣ አፈር ላይ ተንበርክኬ ሁለቱንም መርገጫዎቿን ተመለከትሁ። ከንቃቃት በቀር ምንም አልነበረም። ጫማሽን አደረገችው፤ ልክ ሆነላት። ልደሰት ወይስ ልፍራ፣ አላወቅሁም።

አዛሉዬ፣ የወሰደሽ ምን እንደሆነ ሳላውቅ እከተልሽ ይሆናል። የማውቀውን ብቻ ቃል ልግባልሽ። ጉልበቴ እስካልከዳኝ ድረስ በየበዓሉ ቡሬ እየሄድሁ የእህትሽን እግር አያለሁ፤ የሰብለንም አያለሁ፤ የእኔን እሷ ታያለች። በተጎነበስሁ ቁጥር ስምሽን እጠራለሁ።

ባልሽ